ለሰሚ የታተመ መጽሐፍ

መጽሐፉ አልተሸጠም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሰሚን እንደ ገዢ ቆጠርሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ብቻ የሆነች መጻሕፍት ቤት አለችን። ከፊት እንሸጣለን፤ ከኋላ ባለችው ጠረጴዛ ላይ እናሳትማለን። ባለቤቱ ቴዎ ነው። እኔ የቴሌግራም ቻናሉን እይዛለሁ። ባለፈው ክረምት የቅኔ መምህሩ የኔታ አስማማው ከደቅ ደሴት መጥተው፣ በሐይቁ ላይ ስለሚነፍሱ ነፋሳት የጻፉትን ደብተር ሰጡን። በእሳቸው ደብተር እያንዳንዱ ነፋስ ጠባይ አለው፤ አንዱ ዓሣ ያስተኛል፣ አንዱ ታንኳ ይመልሳል፣ አንዱ ሰው የረሳውን ስም ያስታውሰዋል።

ለእንዲህ ያለ ነገር ትዕግሥት የለኝም። ሆኖም አንዱን ምዕራፍ ሲያነቡ ልቀዳቸው ስልኬን አቀረብሁላቸውና ቀጠሮዬን ረስቼ ተቀመጥሁ። ድምፃቸው ውኃ ላይ እንደሚያልፍ የደመና ጥላ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ነፋስ በድምፃቸው ቻናሉ ላይ ለቀቅሁ።

ሰው ጎረፈ። ከመራዊ፣ ከቁንዝላ፣ ስሙን ከማላውቀው አገር ሁሉ። ከእያንዳንዱ ድምፅ ሥር በመቶ የሚቆጠር ሰው አንድ ነገር ይጽፋል፦ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን።» ለቴዎ አሳየሁት። «ይኼ ሁሉ ሰው መጽሐፉን እየጠበቀ ነው፤ ሁለት ሺህ አትም» አልሁት። አተመ።

እሑድ እሑድ ስብከት ሲያልቅ ያንን ቃል ስንት ጊዜ ብያለሁ። ብዬም ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። ሰው እንዲያ የሚለው ሲጠግብ ነው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠች ሴት ይህን ማወቅ ነበረባት።

አሁን መጻሕፍቱ እስከ መስኮቱ ተደርድረዋል። የከሰዓቱ ብርሃን በጠርዛቸው ላይ እየተንሸራተተ ሲገባ ክፍሏ በሐይቁ ግርጌ ያለች ትመስላለች። የኔታ የሁለተኛውን መጽሐፍ ደብተር ይዘው የሚመጡት ዛሬ ነው። እንደሚታተም ቃል የገባሁላቸው እኔ ነኝ።

«ዛሬ ትነግሪያቸዋለሽ» አለ ቴዎ። «ሁለተኛው አይታተምም።»

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ እኮ።»

«ቃሉ ያንቺ፣ ወረቀቱ የእኔ።»

«ያለ ቻናሉ ይችን ቤት ማን ያውቃት ነበር?»

«አሁንማ አገር ያውቃታል። እያወቀ ያልፋታል።»

የኔታ ገቡ። ሰላምታ ሰጥተውን በመጻሕፍቱ መካከል ተቀመጡ፤ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ጀልባው ላይ አንዲት ሴት ስልኳን ከፍታ እኔን ታሰማ ነበር» አሉ። «መንገደኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋው፤ ለምን እንዳጠፋው እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ዝም ባለው ውኃ ላይ ድምፄ ከፊታችን ሲሄድ፣ እንደ ሌላ ሰው ሆኜ ሰማሁት። ደኅና አድርጎ ያነባል።»

ቴዎ ሳቀ። «አላወቁዎትም?»

«ዝም ብዬ ነበር። በምን ያውቁኛል?»

ቴዎ ሳቁን ዋጠና ወደ እኔ ዞረ። «ድምፁን ሁሉ ከቻናሉ አጥፊው። ያጣ ሰው መጽሐፉን ይፈልጋል።»

«ሁሉም በስልኩ አውርዶታል። የሰማውን ሰው እንዳልሰማ አታደርገውም» አልሁት። «ይልቅ ሁለተኛውን በወረቀት የሚፈልግ አስቀድሞ ስሙን ይጻፍ። ስንት ስም ቢመጣ ታትማለህ?»

«ሁለት መቶ። እስከ አሥር ሰዓት።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ቻናሉ ላይ ጻፍሁ፦ «የየኔታን ሁለተኛ መጽሐፍ ለመግዛት የሚፈልግ ስሙንና ስልኩን ይጻፍ። ምስጋና አንቀበልም።»

ምስጋናው ዘነበ። ቃለ ሕይወት ያሰማልን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርሁ። በመካከሉ እንደ ዓሣ ብልጭ እያለ ስም ይመጣል። አደይ፣ ከመራዊ። ሀዲስ፣ ከዚሁ ከባሕር ዳር። ባንቺአየሁ፣ ከቁንዝላ፤ እሷ ማንበብ አትችልም፣ ልጇ ታነብላታለች።

ሙቀቱ ከበደ። ቴዎ በክርኑ ተደግፎ ዓይኑን ከደነ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በመስኮቱ እየገባ የላይኛውን መጽሐፍ ሽፋን ያነሣል፣ ይመልሳል። የትኛው ነፋስ እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈልጌ ተውሁት። ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንዱ ሱቅ ውስጥ፣ የየኔታ ድምፅ በቀስታ ይሰማል። የኔታ እዚህ አፋቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል፤ እዚያ ማዶ ስለ ታንኳ ያወራሉ። ለጥቂት ጊዜ የትኛቸው እውነተኛው የኔታ እንደሆኑ ጠፋኝ።

አሥር ሰዓት ሆነ።

«ሠላሳ አንድ» አልሁ።

ቴዎ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ለሠላሳ አንድ ሰው ማተሚያ ቤት አይቀበለኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የኔታ።» በክፋት አልነበረም የተናገረው።

የኔታ ወደ እኔ ተመለከቱ። «ስማቸውን በወረቀት አስፍሪልኝ።»

«ምን ያደርጉበታል?»

«እጽፍላቸዋለሁ።»

«መጽሐፉን? በእጅዎ? ሠላሳ አንድ ጊዜ?»

«ደብተሩ ቀጭን ነው።»

«ዓመታት ይፈጃል፣ የኔታ። ሰው አይጠብቅም።»

«እንግዲያው የማይጠብቀውን ሰርዢው።»

ስሞቹን ገለበጥሁና ከላይ እስከ ታች አየኋቸው። ዜማ የምትባለዋን ሰረዝሁ። የአክስቴ ልጅ ናት፤ የጻፈችው ለእኔ ብላ ነው።

«ሠላሳ ቀሩ» አልሁና ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

አንድ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቧቸው። ወረቀቱን አጥፈው ደብተሩ ውስጥ ከተቱ። «ጀልባው እንዳያመልጠኝ» ብለው ተነሡ፤ ቴዎንም እኔንም ባረኩን። ከዚያ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት።