የማትነካዋ መኪና

ሐምዱ የደብረ ማርቆስ ጨው ነጋዴ ነው። አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው፤ ሌላ ሀብት የለውም። ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ መድን ያልገባ መኪና ከከተማው ኬላ እንዳያልፍ ታወጀ። መድን ማለት መኪናው ቢቃጠል ዋጋውን የሚተካ ውል ነው ተባለ።

ሐምዱ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞሮ ጠየቀ። የመጀመሪያው ወኪል ርካሽ ነበር፤ ግን ሽፍታ ያቃጠለውን አልከፍልም አለ። ሽፍታ የሚላቸው አርበኞቹን ነው።

«ታዲያ በዚህ አገር መኪና ሌላ ምን ያቃጥለዋል?» ብሎት ወጣ።

ሁለተኛው ወኪል ጣሊያን ነበር፤ ሽፍታ ያቃጠለውንም እከፍላለሁ አለ፤ ዋጋው ግን እጥፍ ሆነ። ሐምዱ በአስተርጓሚው በአወቀ በኩል ይከራከር ጀመር።

«ለእኔ ቀንስልኝ በለው። የእኔ መኪና አትነካም። ሁለት ዓመት ስመላለስ አንድ ጥይት አልጎበኛትም።»

«ለምን?» አለ ጣሊያኑ።

አወቀ ዝም እንዲል በዐይኑ ጠቀሰው። ሐምዱ ግን ዋጋ እየተከራከረ ነው፤ በክርክር መሀል መልካም ነገሩን የሚደብቅ ነጋዴ የለም።

«የሮብ ገበያው እንዳላማው የጡት አባቴ ነው። ማር የቀባውን ጣቱን ጠብቼ ልጁ ሆኛለሁ። እሱ እያለ ማን ይነካኛል?»

እንዳላማው ጫካ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጣሊያኑ የእንዳላማውን ስም አስደግሞ ከሐምዱ ስም አጠገብ ጻፈ። ዋጋውንም ቀነሰ። ሐምዱ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ።

ደጅ ሲወጡ አወቀ ወረቀቱን አነበበለት።

«መኪናዋ ከወታደር አጀብ ተለይታ ከሄደች ውሉ ፈራሽ ነው። ባለቤቷ የሽፍታ ዘመድ ከሆነም ፈራሽ ነው።»

«ታዲያ ምን ሸጠልኝ?»

«ምንም። አንተ ነህ የሸጥክለት። ነገ ከአጀቡ ጋር ትወጣለህ፤ የሌሎቹ ነደው ያንተ ብቻ ከተረፈች ሰላይ ነህ።»

«ብትነድስ?»

«ከሰርክ።»

«ብቀርስ?»

«ስምህ ተጽፏል። ወሬ ሊያቀብል ቀረ ይሉሃል።»

ሐምዱ ለጡት አባቱ፣ «በእኔም ላይ እንደ ሌላው ሰው ተኩስ» ብሎ መላክ አማረው። ኬላውን አልፎ የሚያደርስለት ግን አላገኘም።

በማግስቱ አጀቡ በደጀን መንገድ ቁልቁለቱን ሲጀምር ከኮረብታው ተኩስ ወረደ። የፊቱ መኪና ነደደ። የኋላው ጎማው ፈንድቶ ገደል ገባ። በሐምዱ መኪና ግራና ቀኝ ጥይት አፈር ያነሣል፤ እሷን አልነካም።

«የባለ ጨዉን ተዉአት፤ የልጄ ናት» አለ ከላይ አንድ ድምፅ። እንዳላማው ነው።

ተኩሱ ጸጥ ሲል አጀቡን የሚመራው ጣሊያናዊ መቶ አለቃ ከመንገዱ ዳር ቦይ ወጣ። ሽጉጡን እንደያዘ መኪኖቹን ከፊት ጀምሮ አንድ ባንድ እያየ መጣ።

ያልተመታች የሐምዱ ብቻ ናት። ድንጋይ አነሣ። መስተዋቷን ሰበረ። ጎማዋን በካራ ወጋ። በሯን ሲቀጠቅጥ ከኋላው የጫማ ኮቴ ሰማ፤ ዞሮ አላየም፣ ደገመና መታት።