በቅጹ ላይ የነበረው የመጀመሪያ ጥያቄ

ዶክተር ካምፖን ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ኖንግ ዴንግ የመጣው፣ ራሱ ያረቀቀው የካንሰር ምርመራ መመሪያ እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ ለማየት ነበር። ሙከራው እዚህ ከተሳካ፣ ባንኮክ ያለው ኮሚቴ በመጪው ሰኞ መመሪያውን በአገር አቀፉ ፖሊሲ ውስጥ ያካትተዋል።

በመንደሩ የቡድሃ ገዳም አዳራሽ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ተተክሎ፣ ከፊቱ አንዲት ነርስ ቅጽ ዘርግታ ተቀምጣለች። የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ «ጥሬ ዓሣ ይበላሉ?» ይላል። በጥሬው ዓሣ የሚኖረው ትል ጉበት ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣልና፣ እበላለሁ ያለ ይመረመራል፤ አልበላም ያለ ይሰናበታል። መሣሪያው ጥቂት ስለሆነ የሚያሰጋቸው ይቅደሙ ብሎ ጥያቄውን የጻፈው ካምፖን ነው። ግድግዳው ላይ «ጥሬ ዓሣ የሚበላ ራሱን ይገድላል» የሚለውም ማስታወቂያ የእሱ ነው።

በመስኮቱ በኩል ኩሬው ይታያል። ካምፖን ልጅ ሳለ፣ አዝመራ ገብቶ ውኃው ሲጎድል አባቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ያወጣ ነበር። ታላቅ እህቱ ቡዋላይ ኩሬው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጣ በጥሬው ትከትፋለች፤ ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ የተቆላ ሩዝ ዱቄትና በርበሬ ትነሰንስበታለች። አባቱ በላዩ የሩዝ አረቄ ጠብ ያደርግና «ይኸው በሰለ» ይላል፤ ሁሉም ያምኑት ነበር። ቡዋላይ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ የምታጎርሰው ካምፖንን ነው። አባቱ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሲሞት እሱ የሕክምና ተማሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ምግብ አልቀመሰም፤ ሽታው ግን እስከ ዛሬ ምራቁን ያስውጠዋል።

የቡዋላይ ተራ ደረሰ። ነርሷ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጠየቀቻት። ቡዋላይ ማስታወቂያውን አየችና «አልበላም ልጄ፤ ድሮም አልወደውም» አለች። ተሰናበተች። ከጠዋት ጀምሮ እበላለሁ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ካምፖን ግን ሲመጣ ከስንቱ ደጅ የመክተፊያ ድምፅ ሰምቶ ነበር! ጥያቄው የሚፈልጋቸውን ሰዎች ራሱ እያባረረ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳ። ኀፍረትን መድኃኒት አድርጎ ያዘዘው እሱ ነበር።

ሄዶ ነርሷ ፊት ተቀመጠ።

«እኔንም መዝግቢኝ። ከዚህ ኩሬ ስበላ ነው ያደግሁት። እየከተፈች ያጎረሰችኝም እህቴ ናት።»

ልትወጣ የአዳራሹ ደረጃ ላይ የደረሰችው ቡዋላይ ወደ እሱ ዘወር አለች።

«አንተ ልጅ፣ በሰው ፊት ታዋርደኛለህ? ሆዳሙ አንተ! እኔ ከአንተ የተረፈውን ነበር የምልሰው።»

«ዋሸሁ እትዬ?»

ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀችና ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ትናንት እንኳ በልቻለሁ» አለች ዝግ ብላ። «ለጣዕሙ ብዬ አይደለም። ስከትፍ አባባ ገና ከኩሬው የሚወጣ ይመስለኛል።»

ካምፖን ቅጹን ወደ ራሱ ሳበ። ብዕሩን አውጥቶ ጥያቄውን ሰረዘና በምትኩ «ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ይመርመር» ብሎ ጻፈ። ሰኞ ዕለት የኮሚቴው አባላት መሣሪያ አይበቃም እንደሚሉት ያውቃል፤ ይጨመር ብሎ ሊሟገት ቆርጧል። የተሰናበቱትም እንዲጠሩ አዘዘ።

ቡዋላይ ስትመረመር ጉበቷ ላይ ትንሽ ጥላ ታየ። መርማሪው ሐኪም ወደ ክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል እንድትሄድ ጻፈላት፤ ካንሰርም ቢሆን ገና ጅምር ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ሳይደርስበት አይቀርም አለ። እሷ ለምርመራው ሆዷ ላይ የተቀባውን ቅባት እየጠረገች ወንድሟን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእሳት የበሰለው ይበላ እንደሆነ። ይበላል አላት።

ከሰዓት በኋላ ከዛፉ ሥር ዓሣ ጠበሱ። ቡዋላይ እንደ ልማዷ ሎሚ ጨመቀችበት።

«አባባ ቢያይ አቃጠላችሁት ይለን ነበር» አለች፤ የመጀመሪያውንም ጉርሻ ጠቅልላ ለካምፖን ዘረጋችለት።