ላዩ የሽባባው፣ ታቹ የደጊቱ

ሽባባው ሐሙስ ዕለት ከአዲስ ቅዳም ሲመለስ ከመኪናው ኋላ የሚወጣው ጭስ ነጭ ነበር። ነጭ ነገር ለሙሽራ ደግ ምልክት ነው እያለ ራሱን እየደለለ እስከ ዳንግላ መግቢያ ነዳ። እዚያ ሲደርስ ራዲያተሩ ተንተከተከ፤ ሞተሩም ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ።

ሠርጉ እሑድ ነው። ሙሽራዪቱ ስሜነሽ የእንጅባራው የግራዝማች ምህረቴ ልጅ ናት። ግራዝማች በፈረሰኛነታቸው ሰባት ቤት አገው የሚያውቃቸው ሰው ናቸው፤ አማቻቸውንም በፈረስ ይጠብቁት ነበር። የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊው ሽባባው ግን በሽማግሌዎቹ አፍ፣ «እኔ የምመጣው በመኪና ነው፤ ፈረስ ያለፈ ነገር ነው» ብሎ ላከባቸው። ግራዝማች ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣

«ደግ! እንግዲያው መኪናዪቱ እሑድ ከደጄ በራሷ እግር ትድረስ። በገመድ ተስባ ወይ በሰው ተገፍታ ከመጣች ግን ልጄ የለችም፤ የተደገሰውን ፈረሶቼ ይበሉታል» ብለው መለሱለት።

እንግዲህ ሽባባው መኪናዋን ከመካኒኩ ከደርበው ደጅ አስገፍቶ ሲያደርስ ላቡ የመንገድ ላብ ብቻ አልነበረም። ደርበው በዳንግላ ብቸኛው መካኒክ ነው፤ ብቸኛ በመሆኑም ከሁሉ የተሻልሁ ነኝ ይላል። ኮፈኑን ከፍቶ፣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዘና ከአፍንጫው አስጠጋት።

«ጌታው፣ ይኸ ዘይት ነው ወይስ ወተት የገባበት ሻይ?»

«ምን ሆነች?»

«ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ከላይ ያለው ክዳን ቴስታታ ይባላል። በቴስታታውና በታችኛው ሞተር መካከል የምትነጠፍ ስስ ነገር አለች፤ እሷ ናት ጓርኒሲዮን። ውሃውን ከውሃ አገር፣ ዘይቱን ከዘይት አገር፣ እሳቱን ከእሳት አገር የምታኖር እሷ ናት። አሁን ድንበሩ ፈርሶ አገሩ ሁሉ ተደባልቋል።»

«ፍታዋ እንጂ ታዲያ!»

«አልፈታም» አለ ደርበው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «የጋራ ናት አሉ።»

እውነቱን ነው። መኪናዋ አስመራ ሲሠራ የኖረ የአጎታቸው ቅርስ ናት፤ ጣራ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በወጣትነቷ ለእሽቅድምድም የተሠራች ቀይ መኪና። አጎትየው ልጅ ሳይተካ ሲሞት ወራሾቹ ሽባባውና ታላቅ እህቱ ደጊቱ ሆኑ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እነዚያ ሽማግሌዎች መኪና ከፍለው አያውቁም፤ ርስት ግን ከፍለው ያውቃሉ። ኮፈኑን አስከፍተው ዙሪያውን እየተንጎራደዱ ቢመረምሩ፣ ከሞተሩ ወገብ ላይ ቀጥ ያለች ቀጭን መስመር አገኙ። «ወሰን ማለት ይኸ ነው!» ብለው ተደሰቱ፤ ዕጣ ተጣለ። ከመስመሯ በላይ ያለው፣ መሪውና ወንበሩ ሳይቀር፣ ለሽባባው ወጣ። ከመስመሯ በታች ያለው፣ ጎማው ጭምር፣ ለደጊቱ።

«የብሎኑ ራስ እርስዎ አገር ነው» አለ ደርበው፤ «እግሩ ግን እህትዎ አገር ገብቷል። እኔ ከሰው መሬት ችካል አልነቅልም። አምና የሁለት ወንድማማቾች ወፍጮ ጠግኜ ይኸው እስካሁን ምስክር ሆኜ እመላለሳለሁ። እህትዎን ያምጡ።»

ደጊቱ ከገበያው አፍ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት አላት። ሽባባው ሲገባ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እታለም፣ እንደምን ዋልሽ?»

«ላዬ ደህና ነው። ስለ ታቼ አንተ ንገረኝ፤ ይዘኸው የምትዞር አንተ ነህ።»

«ጓርኒሲዮኗ ተቃጥላብናለች።»

«አይ ወንድምዓለም! ስትነዳ የአንተ፣ ስትቃጠል የእኛ?»

ይህን ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ይዛለች። ገለጠችው፤ ዳር ዳሩ መዳብ የሆነ፣ ትልልቅና ትንንሽ ቀዳዳ ያለበት አዲስ ጓርኒሲዮን።

«ራዲያተሩን እንደ ጥጃ በየቀኑ ውሃ ስታጠጣው አይቼ፣ ለአስመራ ሾፌር ነግሬ ካስመጣሁት ሰነበተ።»

«እና ዝም አልሽኝ?»

«መጥቶ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ! በጎማዬ ዳንግላን ስትዞር አንድ ቀን 'እታለም፣ ነይ ግቢ' ብለኸኛል?»

«መኪናዋ እኮ ሁለት ወንበር ብቻ ናት።»

«አዎ። አንደኛው ባዶ ነበር።»

ሽባባው ብዙ ክስ ጽፏል፤ ብዙ መከላከያም አንብቧል። አሁን ግን ከተቀነጠሰው በርበሬ አንዱን አንሥቶ ማገላበጥ ጀመረ።

«በል ስማ» አለች ደጊቱ። «ላዩ የአንተ ነው። ታቹ የእኔ ነው። ወሰኑ ደግሞ፣ ይኸው ጓርኒሲዮን፣ የገዛው ነው። ሁለት እጁ የእኔ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ እሑድ የምነዳው እኔ ነኝ። አጎታችን ከአስመራ ለእረፍት ሲመጣ እዚሁ ግቢ ያስተማረኝን አልረሳሁም።»

«ሙሽራ በእህቱ ተነድቶ ሊሄድ! ሰው ምን ይላል?»

«በእግርህ ሂዳ። ያኔ ምንም አይልም።»

ተስማማ። ምን ያድርግ?

አርብ ጠዋት ደርበው ባለርስቶቹን ግራና ቀኝ አቁሞ ብሎኖቹን ፈታ። ቴስታታው ተነሣ፤ አሮጌው ጓርኒሲዮን ተላቀቀ። በሁለቱ መካከለኛ ቀዳዳዎች መሐል እሳት በልቶት እንደ ከሰል ጠቁሯል። ቀጥሎ የተጣበቀውን ጥቀርሻ መፋቅ መጣ። ሽባባው ቴስታታውን ተቀብሎ ራሱ ፋቀ። ደጊቱም ነጠላዋን አሸርጣ ታችኛውን ፋቀች፤ ወንድሟ ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ፣ «ከመሬቴ ውጣ!» ብላ በክርኗ መለሰችው። ደርበው በዕድሜው እንዲህ ያለ ንጹሕ አፋፋቅ አይቶ አያውቅም፤ ሰው የራሱን ድርሻ ሲያጸዳ እንዴት ይተጋል!

አዲሱ ተነጠፈ፤ ቴስታታው ተጫነ።

«ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ፣ ቀስ በቀስ!» አለ ደርበው። «አንዱን ብቻ አጥብቃችሁ ሌላውን ከተዋችሁት ቴስታታው ይጣመማል።»

አንዱን ብሎን ሽባባው፣ ተከታዩን ደጊቱ እያጠበቁ፣ እየተሰዳደቡ፣ መሐል ላይም አንድ ጊዜ እየሳቁ ጨረሱት። ዘይቱ ተለወጠ፤ ውሃ ተሞላ። ሞተሩ ሲነሣ ጭሱ ነጭ አልነበረም።

እሑድ ደጊቱ ከመሪው ኋላ፣ ሽባባው ነጭ ለብሶ ከጎኗ ተቀምጠው ዳገቱን ተያያዙት። አጃቢዎቹ በጭነት መኪና ይከተላሉ። ሽባባው በየኩርባው ወደ ኋላ እየዞረ የጭሱን ቀለም ያያል።

«ፊትህን አዙር፤ አንገትህ ተጣሞ ልድርህ ነው?» ትለዋለች።

እንጅባራ ደረሱ። ግራዝማች ምህረቴ ከደጃቸው ቆመው ነበር። መጀመሪያ የሚገፋ ሰው እንዳለ ኋላዋን ዞረው አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን እንደ ፈረስ አንገት ከኮፈኑ ላይ አሳረፉ።

«ሞቃለች እንጂ አልደከመችም። በራሷ እግር መጥታለች። ልጄን ሰጥቻለሁ!» አሉ። እልልታው ቀለጠ። እሳቸውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለመሆኑ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

«የእኔ!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

የግራዝማች ዓይን በራ። ከፈረስ አብልጠው የሚወዱት አንድ ነገር ቢኖር የወሰን ክርክር ነው። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ» ብለው በርጩማ አስመጡ። ሽባባው ከመኪናው ወርዶ መናገር ጀመረ። ሽማግሌዎች ከበቡ። አንዱ ወሰን የሁለቱም ነው፣ ሌላው የገዛው ነው፣ ሦስተኛው ቴስታታ ካላየሁ አልፈርድም አለ። ወጡ ቀዘቀዘ። ደጊቱ ቃሏን ከወንበሯ ሆና ሰጠች፤ ሞተሩንም አላጠፋችም።

ሙሽራ ስሜነሽ ታዝላ እስክትወጣ ውስጥ ትጠብቅ ነበር። ጠበቀች፣ ጠበቀች። በመጨረሻ ቀሚሷን ሰብስባ በገዛ እግሯ ወጣችና ከደጊቱ ጎን ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ የምትነጂው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንሂዳ፤ እነዚህ ሳይመሽ አይጨርሱም።»

መኪናዋ አቧራዋን አስነሥታ ወጣች። ግራዝማች ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጧትና፣ «ድምፅዋ ደህና ነው» አሉ። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ወሰኑ የእህትየዋ ነው!»

ሽባባው የሚመልሰው ከምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ እንዲያውም ደህና መልስ ነበር። ዘወር ሲል ግን የሙሽራው ወንበር ኩርባውን ሲዞር አየ። ሱሪውን ሰብስቦ ሮጠ። ከደጁ ሲደርስ ግን አላስቻለውም፤ ቆም ብሎ፣

«ይግባኝ ብያለሁ!» ብሎ ጮኸና እንደገና ሩጫውን ቀጠለ።