ስምንተኛ ፎቅ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ

ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ይህን የማያውቅ የመሥሪያ ቤታችን ሰው አዲሱ አለቃ ብቻ ነበር። ምድር ቤት ባለችው ክፍሌ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአየር ግፊት መለኪያ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ከሰዓት እያነበብኩ መዝግቤአለሁ።

አለቃው እንደ ተሾመ አዲስ መለኪያ አስገዝቶ ስምንተኛ ፎቅ ቢሮው ውስጥ ሰቀለ። የሱ ከእኔው በሦስት ነጥብ አንሶ ቢያገኘው፣ “የአሥራ ስምንት ዓመቱን መዝገብ በስህተት ሞልቻለሁ” የሚል ደብዳቤ በእኔ ስም ጽፎ እስከ ምሳ ሰዓት ፈርሜ እንድመልስ ላከልኝ። ብፈርም መዝገቡ ይጣላል፣ እኔም ከሥራ እባረራለሁ።

ደሜ ፈላ። እናቴ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትለኝ ነበር፤ የእኔ አፍ ግን ዝንቡን ለምዶታል። መለኪያዬን ከግድግዳው አውርጄ፣ አቅፌው በደረጃ ወጣሁ። አሳንሰሩ ይሠራል፤ መርፌዋን በየፎቁ ማየት ስለፈለግሁ ነው። በወጣሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ከፍ ባልን መጠን ከላያችን የሚጫነን አየር ይቀንሳላ! አለቃችንም ይህን ተምሮታል፤ ፎቅ ሲወጣ ምድር ቤት ረስቶት ሄደ እንጂ።

ቢሮው ገብቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ልክ እኩል ሆኑ። አለቃው ፈገግ አለ።

“አየሽ፣ የአንቺው እዚህ ሲመጣ ተስተካከለ” አለኝ።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግሁት።

“እንግዲያው የእርስዎን ይያዙና አብረን እንውረድ። ታች ደርሶ ከእኔው ከተለየ እዚያው ቆሜ እፈርማለሁ።”

ጸሐፊዋ ከሥራዋ ቀና ብላ ስለምታየው እምቢ ማለት አልሆነለትም። ስንወርድ ሠራተኛው ከየቢሮው ብቅ እያለ ተከተለን። እኛ ስንወርድ ሁለቱ መርፌዎች እኩል ወጡ። ምድር ቤት ስንደርስ ሁለቱም ከመውጣቴ በፊት መዝገቤ ላይ ያሰፈርኳት ቁጥር ላይ ቆሙ።

አለቃው ላቡን ጠርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደብዳቤውን መልሺልኝ፣ እንዳልተጻፈ ይቆጠር አለኝ። ደብዳቤውን አልሰጠሁትም። እስክሪብቶዬን አወጣሁና “ፊርማ” በሚለው ቦታ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

“ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስምንተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ከመነበቡ በፊት የከፍታ ማስተካከያ ይደረግበት።”

ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት መዝገቤ ውስጥ አጣበቅሁት።