የሕዝብ ተሳትፎ በግድቡ ጥገና

ኦቦ ገርባ ከቡራዩ በላይ ያለችውን ትንሽ ግድብ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንድ ብረት ይጠብቃሉ። ትርፍ ውኃ የሚለቀቅበትን መዝጊያ የሚያነሣው ብረት ዝጎ ተሰብሯል። ክረምት ገብቶ መዝጊያው ካልተከፈተ ውኃው በግድቡ አናት ፈስሶ ከሥር ያለውን ሰፈር ይጠርገዋል። ከሰፈሩ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው የልጃቸውን የገለቴን ቤት ነው። ስለዚህ ኦቦ ገርባ ለውኃ ቢሮው ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ቢሮው ያቅዳል።

ቢሮው ማቀድ ሲያውቅበት! ብረቱ ለብቻው ቢያንስባቸው ጊዜ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ የውኃ አቅርቦት ማስፋፊያ ውስጥ ከተቱት። ማስፋፊያው ጥናት ወለደ፤ ጥናቱ ዓውደ ጥናት ወለደ፤ ዓውደ ጥናቱም አዳማ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ከነአበሉ ተካሄደ። የሥራ ሂደት መሪው ካሣዬ ከዚያ ሲመለስ ግድግዳ የሚያክል ካርታ ይዞ መጣ። መሐሉ ላይ አዲስ አበባ፣ ዙሪያዋን ሦስቱ ከተሞች፣ ሁሉንም የሚያያይዝ ሰማያዊ መስመር። መስመሩ የውኃ ቧንቧ ነው። ይሁንና ጊዜው ገበሬው ማስተር ፕላን መሬቴን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ የተነሣበት፣ መንገዱ በድንጋይ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ካርታ አጣጥፎ ኪስ ውስጥ መያዝም ድፍረት ነው። ካሣዬ ግን ሕዝቡ ልማቱን ይወቅልን ብሎ በፒካፑ ጎን ወጥሮ አሰረው። እግዜር ይስጠው፣ ብረቱንም ጭኖ ነበር።

መኪናው ከአምቦ መንገድ ወደ ግድቡ ሲታጠፍ ወጣቶች አስቆሙት። ካሣዬ ካርታውን ማስረዳት ጀመረ። ባስረዳ ቁጥር ቁጣቸው ይብስ ነበርና እሱም ሾፌሩም መኪናውን ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ። ኦቦ ገርባ ጩኸት ሰምተው ከዳገቱ ሲወርዱ ልጆቹ ቤንዚን ይዘው ቆመዋል። የገለቴ ባል ወርቁም ከመሐላቸው አለ።

"አካም ጅርቱ፣ ኢጆሌ" ብለው ልጆቹን ሰላም አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። "ካርታውን አቃጥሉት፤ ክብሪት ከሌላችሁ እኔ እሰጣችኋለሁ። ብረቱን ግን ተዉልኝ። ክረምት ሲገባ ቤታችሁን የሚያድነው እሱ ነው።"

ካርታው ነደደ፤ መኪናው ተረፈ። ወርቁ ቀድሞ ትከሻውን ሰጠ። ዘጠኝ ሆነው ብረቱን ዳገት ለዳገት ተሸክመው ወጡ፤ ኦቦ ገርባ እያዘዙ ገጠሙት፤ ግራሶ ቀቡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ መዝጊያው እያቃሰተ ተነሣ። ቢሮው አራት ዓመት ያቀደው በግማሽ ቀን አለቀ፤ ኦቦ ገርባ ደስ ብሏቸው አለቀሱ።

ሳምንት ሳይሞላ ካሣዬ ብረቱ መገጠሙን ሰምቶ ፈገግ ብሎ መጣ። ሪፖርቱ ላይ "የሕዝብ ተሳትፎ" የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ ሁልጊዜ ባዶውን የሚሄድ። ቢሮው ውስጥ ስብሰባው በስም ዝርዝር፣ አበሉ በስም ዝርዝር ነው፤ ያለ ስም ዝርዝር የተሠራ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

"የሠሩትን ልጆች ስም ከነአባታቸው፣ ከነቀበሌያቸው ይንገሩኝ፣ ኦቦ" አለ። "ምስክር ወረቀት እናሰጣቸዋለን።"

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ኦቦ ገርባ ግን በሃያ ሁለት ዓመት አንዴም ያልቀመሱትን ምስጋና ናፍቀው ኖረዋል። ወርቁን አንደኛ አስጻፉት፤ አማቼ ነው ብለውም ጨመሩበት። ስምንቱንም አስከተሉ። የማን ቤት ከማን ቤት ጀርባ እንደሆነ ሳይቀር ተናገሩ።

ካሣዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፋት ማሰብ ይጠይቃል። ሪፖርቱ በአምስት ኮፒ ተባዝቶ፣ እንደ ደንቡ፣ ለሚመለከታቸው ሁሉ በግልባጭ ሄደ። ከሚመለከታቸው መካከል የጸጥታ ሰዎች ነበሩበት። እነሱ ደግሞ የዚያን ዕለት ካርታውን ያቃጠለውን ሲፈልጉ ሰንብተዋል። ቀኑም ቦታውም ገጠመላቸው። ዘጠኙንም በአንድ ማለዳ ከየቤታቸው ለቀሟቸው። አንድም ቤት አልተሳሳቱም።

ክረምቱ ከባድ ሆነ። ኦቦ ገርባ መዝጊያውን በየቀኑ ያነሣሉ፤ ውኃው በልኩ ይወርዳል፤ ከሥር ያለው ሰፈር አልተነካም። በነሐሴ አንድ ቀን ልጃቸውን ሊጠይቁ ወረዱ። ቤቷ ደረቅ ነው። ገለቴ ወንበር አቀረበችላቸውና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"አባ፣ ስማቸውን አሳልፎ የሰጠ ሰው አለ ይላሉ" አለች። "አንቱን ሰው ሁሉ ያከብርዎታል፤ ማን እንደሆነ ያጣሩልን።"

ኦቦ ገርባ እሺ አሏት።