ያላረጀ የመሰለኝ ቀበቶ

ቢላዋ የሚያሠሩኝ ሰዎች «ቀበቶ ፈጂው» ይሉኛል። የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ ማለታቸው ነው፤ ማሽኑ ላይ የሚሽከረከረው፣ አሸዋ የለበሰው፣ ብረት የሚበላው። ሌላው ቢላዋ ሠሪ ባንድ ቀበቶ ስድስት ቢላዋ ሲያወጣ እኔ ሁለተኛው ላይ አውልቄ እጥለዋለሁ። ጎረቤቴ በር ሠሪው የጣልኩትን እየለቀመ ይወስድና «አንተ እኮ አንድ ቀን የለበስከውን ልብስ የምታቃጥል ሰው ነህ» እያለ ያላግጥብኛል። ይሳቅ። እሱ የሚሠራው በር ነው፤ በር ዶለዶመ ተብሎ የሞተ ሰው የለም።

ቀበቶ መምረጥ ከባድ አይደለም። ቁጥሩ ሲያንስ አሸዋው ይሻክራል። በሠላሳ ስድስት ቅርፁን ታወጣለህ፣ በመቶ ሃያ የቀደመውን ጭረት ታጠፋለህ፣ ከዚያ ወደ ላይ እያልክ አራት መቶ ትደርሳለህ። ይህን ማንም ያስተምርሃል። የሚከብደው መቼ እንደምታወልቀው ማወቅ ነው። የዶለዶመ ቀበቶ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ አሸዋውም ቦታው ነው፣ ቁጥሩም ጀርባው ላይ አለ። ነገር ግን መብላቱን ትቶ ማሸት ይጀምራል፣ የታሸ ብረት ደግሞ ይግላል። በእሳትና በውሃ ጠንክሮ ያለቀ ስለት እንደገና ከጋለ አፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ብልጭ ይላል። ያ ሰማያዊ የታየበት ብረት ለስልሷል ማለት ነው። ብትስለው ለአንድ ቀን ፀጉር ይላጫል፣ በማግስቱ ገመድ ላይ ይተኛል።

ይህን የተማርኩት ወንድሜን ገድዬ ነው።

ወንድምጋሼ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከአፉ ቃል የማይወጣ ሰው ስለነበር መንደሩ «ጭምቱ» ይለዋል። እኔ ከአለቃዬ ቤት ወጥቼ የራሴን ሱቅ የከፈትኩ ሳምንት መጣና «የመጀመሪያዋን ቢላዋ ለኔ ሥራልኝ» አለኝ። በደስታ የምሆነውን አጣሁ። መጨረሻው ላይ፣ የቢላዋው አፍ እንደ ወረቀት ከሳሳ በኋላ፣ አራት መቶው ቀበቶ ድምፁ ተቀየረ። ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም አልልም። የአዲሱ ቀበቶ ማሸጊያ እንኳ አልተፈታም፣ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ «ገና ትሠራለች» ብዬ ቀጠልኩ። ሰማያዊው ከጫፉ ጀምሮ እስከ ግማሽ ድረስ ተስቦ መጣ። ያኔ እንኳ አፉን ቆርጬ እንደገና ማጠንከር እችል ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው ቀለሙን በላመ ቀበቶ ጠረግኩትና አብለጭልጬ ሰጠሁት። ቀለም ይጠረጋል፤ ልስላሴው ግን እዚያው ነው።

በሦስተኛው ወር ነፋስ ጀልባውን ገለበጠው። የመረቡ ገመድ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። በማግስቱ ሲያወጡት ቢላዋው በእጁ ነበር። ያወጣው ባልንጀራው ለቅሶ ላይ ጉልበቱን እየመታ «ገመዱን ጀምሮት ነበር እኮ! ሲሶውን ቆርጦታል! ሞት ቀደመው» አለ። ሰው ሁሉ «ሞት ቀደመው» እያለ አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ። የቀደመውን ግን አውቀው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ እውነትም ፈጀው።

ከዚያ ወዲህ ወንድምጋሼ ሱቄ ውስጥ ነው። ሌሎች ሙታን ማታ ማታ ይመጣሉ ይባላል፤ የኔ ሰው ግን ረፋድ ላይ ነው የሚመጣው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የብረቱ ብናኝ አየር ላይ ሲታይ። ቀበቶዎቹን በቁጥር በቁጥር የሰቀልኩበት ምስማር አጠገብ ይቆማል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው። አይናገርም፤ ሞቶም ጭምት ነው። የያዝኩት ቀበቶ መዶልዶም ሲጀምር የረጠበ ገመድ ሽታ ይመጣል። ሽታው ሲመጣ አወልቃለሁ። ቀበቶ የምፈጀው ለዚህ ነው፤ ሰው ቅብጠት ይመስለዋል።

እንዲህ ሆኜ አራት ዓመት ኖርኩ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት እትዬ፣ የወንድሜ ሚስት ማለት ነው፣ ሱቄ መጣች። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ሳልልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ቢላዋውን ነዋ። ልጅቷ የአባቷን ጀልባ አሳድሳ ጨርሳለች። ሐሙስ ሐይቅ ትገባለች። ያባቴን ቢላዋ ካልያዝኩ ብላ እንቢ አለችኝ።»

እጄን ከማሽኑ ላይ አነሳሁ። የወንድሜ ልጅ ሃያ ዓመቷ ነው። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል፤ በዚህ በአባቷ አልወጣችም።

«ምነው ላብ በላብ ሆንክ?» አለችኝ እትዬ።

«ማሽኑ ነው። ይሞቃል።»

ማሽኑ ገና አልተነሳም ነበር። እሷ ግን ማሽኑንም እኔንም አየችና «ረቡዕ እንመጣለን» ብላ ወጣች።

ዘዴው ወዲያው መጣልኝ፤ ሰይጣን ለዘዴ ሰንፎ አያውቅም። መንታውን እሠራለሁ። ያው ርዝመት፣ ያው ቅርጽ፣ ያው እጀታ። አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ቀብሬ አዲሱን «ይኸው ሳልኩት» ብዬ እሰጣቸዋለሁ። ልጅቷም ትተርፋለች፣ የኔም ጉድ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካሁም። አዲስ እሽግ ፈታሁ። እያንዳንዱን ቀበቶ ወደ ብርሃን አንስቼ መገጣጠሚያውን አየሁ፣ ጀርባው ላይ ያለው ቀስት ወዴት እንደሚያመለክት አረጋገጥኩ፣ አሸዋውን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ። ለግራው ፊት አንድ፣ ለቀኙ ሌላ። በር ሠሪው ብቅ ብሎ የጣልኩትን ክምር አየና «ዛሬስ ለማን ነው? ለንጉሥ ነው እንዴ?» አለኝ። «ለልጅ» አልኩት። ፊቴን አይቶ ያለወትሮው ሳይስቅ ሄደ።

ወንድምጋሼ ሁለቱንም ቀን ከምስማሩ ተነስቶ ወደ ማሽኑ ቀርቦ ቆመ። እንደዚያ ቀርቦኝ አያውቅም። አራት መቶው ላይ ስደርስ ባዶ እጄን ስለቱ ሥር አድርጌ ሙቀቱን እየሰማሁ፣ አንድ ጊዜ አስነክቼ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ አንድ ጊዜ አስነክቼ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ጨረስኩ። አንድም ሽታ አልመጣም። አፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነበር። ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩት፤ አልሄደም።

«ቀበቶው አዲስ ነው፣ ብረቱ አልጋለም፣ ልጅህ ትቆርጥበታለች። ሌላ ምን ቀረህ?» አልኩት ጮክ ብዬ።

ዓይኑን ወደ መሳቢያው መለሰ። ምን እንደቀረ ጠፍቶኝ የጠየቅኩ መስሎታል እንዴ ብዬ ተናደድኩበት። ሬሳ ላይ መናደድ ነውር ነው፣ ግን ተናደድኩ።

ረቡዕ እናትና ልጅ አብረው መጡ። ልጅቷ መዳፏ በገመድ ሻክሯል። አዲሱን ቢላዋ አነሳች። «አባዬ!» አለች፣ ለቢላዋው። ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

እስከዚያ ድረስ እዋሻለሁ ብዬ ነበር። ያችን አንዲት ቃል ስሰማ አቃተኝ።

«የአባትሽ አይደለም» አልኩ። «የአባትሽ መሳቢያው ውስጥ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀበቶው እንዳረጀ፣ መስማቴን፣ ሰማያዊውን፣ ጀርባዬን ሰጥቼ መጥረጌን። ወለሉን እያየሁ ነው የተናገርኩት። ስጨርስ እትዬ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። ትሰድበኛለች፣ አንድ ነገር ታነሳብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቢሆንልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ያውቅ ነበር» አለች።

«ማን?»

«ባለቤቴ ነዋ። ሳምንት ሳይሞላው ‹ቢላዋው ስለት አይዝም› አለኝ። መልስለት አልኩት። ‹የመጀመሪያ ሥራው ነው፣ ቅስሙ ይሰበራል፤ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ› አለ። ሦስት ወር ቀስ አለ።»

አራት ዓመት ሙሉ አልነገርኩትም እያልኩ ስቃጠል፣ እሱም ሊነግረኝ ሳስቶ፣ እኔን እንዳያስከፋ ሲል በለሰለሰ ቢላዋ ሐይቅ ይወርድ ኖሯል።

«እኔስ?» አለች እትዬ። «በየሳምንቱ አይህ አልነበር? ይነግረዋል እያልኩ፣ በወንድማማች መሃል አልገባም እያልኩ። እንቅልፍ ያጣኸው አንተ ብቻ መሰለህ? ሰኞ ሳልልኝ ብዬ ያመጣሁልህ እውነቱን አንተ እንድታወጣው ነው። ለልጄ መናገር አቅቶኝ።»

ልጅቷ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እኔን አየች። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አለች። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ አዲሱን ቢላዋ እንደገና አነሳች፤ እንደ ዓሣ አጥማጅ ገለበጠችው፣ ጨበጠችው፣ ለቀቀችው።

«ጥሩ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

እናቷ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «እውነቱን ንገሪው!»

ልጅቷ ደነገጠች። ከንፈሯን ነክሳ አየችኝ።

«እጀታው ወፍራም ነው፣ አጎቴ» አለች። «ለአባዬ እጅ ነው የሠራኸው። እጄ ሲረጥብ ያመልጠኛል።»

«አምጪው» አልኩ።

ስድሳውን ቀበቶ ገጠምኩና ማሽኑን አስነሳሁ። ወንድምጋሼ አለ ወይስ ሄዷል ብዬ ዞሬ አላየሁም፤ ፈራሁ። ከእጀታው እንጨት ትንሽ አንስቼ ሰጠኋት። እጇን የውሃው ባልዲ ውስጥ ነክራ ጨበጠችው።

«አልሆነም» አለች።

እንባዬ እየወረደ ተቀበልኳት፤ ደግሜ አንስቼ ሰጠኋት። እትዬ ከበርጩማው ተነስታ መጥታ አጠገባችን ቆመች።

«አሁንም አልሆነም» አለች ልጅቷ፣ በዚህኛው ጊዜ ሳታፍር፣ ጮክ ብላ።