ሽማግሌ የተላከበት አቤቱታ

ሬድዋን ከታሰረ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ጥፋቱ? ገዳሪፍ መወለዱ! አባቱ የደብረ ታቦር ሰው፣ እናቱ የሐሙሲት፤ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ እናቱንና ሚስቱን ይዞ ወዳባቱ አገር ቢገባ፣ አንድ የውጭ ዜጎችን ጉዳይ የያዘ ሹም «አንተ የኛ ሰው አይደለህም» ብሎ ቆለፈበት። ክስ የለ፣ ዳኛ የለ! በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውኃ እንኳ ይቆማል ይባል የለ? ይሄ ሹም ከውኃም ባሰ።

ሚስቱ ረሂማ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ናት። ስንቅ ማመላለሱ ሲታክታት ፍርድ ቤት ደጅ ያለ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄዳ «ባሌ ተይዞ ዳኛ ፊት ይቅረብልኝ፤ ያለ ሕግ ታስሯል» የሚል አቤቱታ አስጻፈች። ፍርድ ቤቱ ሰውዬውን ይዘህ ቅረብ ብሎ ቀን ሲቆርጥለት ሹሙ መቀመጫ አጣ።

በቀጠሮው ዋዜማ ሽማግሌ ላከባት፤ መሪጌታ ገብረኪዳንንና ሼህ አደምን! ሽማግሌ ደጇ ቆሞ እምቢ ያለች ሴት በዚያ አገር ምን እንደምትባል አሳምራ ታውቃለች።

«ልጄ፣ አቤቱታውን አንሺ። ዛሬውኑ ይለቀዋል» አሉ መሪጌታ።

አማቷ ከጓዳ «በሞቴ አንሺው!» እያሉ ያለቅሳሉ።

«አባቴ፣ ታረቁኝ የሚል በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ አብሮ ይመጣል። የታለ ሰውዬው?»

«እሱማ አልመጣም» አሉ መሪጌታ።

«እናንተን አክብሬ ቆሜያለሁ። ግን ባነሳውና ነገ መልሶ ቢይዘው፣ ምን ይዤ ልጩህ? ዳኛ ይፍረደኝ!»

«ሐቋን ነው፤ እንሂድ» አሉ ሼህ አደም።

አማቷ አኮረፏት። እሷም ፈርታለች፤ በእልኬ ባሌን ባጣውስ ትላለች።

በማግሥቱ ሹሙ ሬድዋንን ይዞ ችሎት ቀረበ። ሬድዋን ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል።

«በየትኛው ትእዛዝ ያዙት?» አሉ ዳኛዋ።

«የውጭ ዜጋ ስለሆነ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«ቢሆንስ? ሕጉ ማንኛውም ሰው ያለ ሕግ አይታሰር ነው የሚለው፤ ዜጋ ብቻ አይልም። እስራቱ ሕገወጥ ነው፤ አሁኑኑ ይለቀቅ!»

ረሂማ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ሬድዋን ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ክብርት ዳኛ፣ ሁለት ሱዳናውያን አብረውኝ ታስረዋል። ሁለት ወራቸው ነው።»

«አመልካች አላቸው?»

«እዚህ አገር ዘመድ የላቸውም።»

«እኔ አለሁ» አለች ረሂማ ተነስታ።

«ምናቸው ነሽ?»

«ምናቸውም አይደለሁም። ሕጉ ዘመድ ካልሆንሽ አታመልክቺ ይላል እንዴ?»

ዳኛዋ የሕጉን መጽሐፍ ገለጡ።

«አይልም» አሉ።

«እንግዲያው እኔን አመልካች ብላችሁ ጻፉኝ።»